ስም ያለበት አይነካም

ዮሪንደ ሁለት ቤት ነበራት። አንዱን ሳምንት እኔ በምኖርበት ፎቅ ከአባቷ ከሩርድ ጋር፣ ቀጣዩን ከአይሰል ወንዝ ማዶ ከእናቷ ከያኮሚን ጋር ታድራለች። ቤት የምትቀይረው ሰኞ ነው። ጠዋት አንዱ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ከሰዓት ሌላው መጥቶ ይወስዳታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት መተያየት አያስፈልጋቸውም። በከተማችን በዴቬንተር እንዲህ የሚያድግ ልጅ ሞልቷል፣ ማንም አይገረምም። እኔም አልገረምም፤ ብቻ ሰኞ ጠዋት ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ የሳምንት ልብሷን በጀርባዋ አዝላ ደረጃውን ስትወርድ ሳይ ከዓይኔ እስክትርቅ ድረስ በሬን አልዘጋም።

ሁለት ቤት ያለው ልጅ ሁሉ ነገር እጥፍ የሆነለት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ተሳስቷል። ዮሪንደ በአባቷ ሳሎን ውስጥ በእንጨት ቁርጥራጭ የሠራችው ግንብ፣ ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ፈርሶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ሩርድ ወለሉን መጥረግ ነበረበት። እናቷ ጋ መስኮት ላይ የደረደረቻቸው ጠጠሮች የአበባ ማሰሮ ውስጥ ተጨምረው ይጠብቋታል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቤት ይጸዳል፣ ዕቃ ይነሳል። ግን ልጅቷ አንድን ነገር ትታው በሄደችበት ቦታ ተመልሳ አግኝታው አታውቅም፤ ከአንድ ቦታ በስተቀር።

ያ ቦታ የሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናቷ ነው። እኔ እዚያ ቀትር ላይ ልጆቹ ከቤት ያመጡትን ዳቦ ሲበሉና ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ እጠብቃለሁ። ዲኒ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ዳቦ ቤት ፈጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ልጆቹ አክስቴ ዲኒ ይሉኛል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ከኋላዬ ቁጡ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

በዚያ ክፍል አንድ ሕግ አለ። ልጅ ሥራውን ራሱ መርጦ ከመደርደሪያው ያነሳል፣ ትንሽ ምንጣፉን ወለል ላይ ይዘረጋል፣ እዚያ ላይ ይሠራል። ሳይጨርስ መሄድ ካለበት ስሙ የተጻፈበትን ካርድ ሥራው ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያን ሥራ ማንም አይነካውም። ሌሎቹ ልጆች በዳር በዳሩ ዞረው ያልፋሉ። ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው እንኳ ምንጣፉን ሳያነሳ ዙሪያውን ብቻ ጠርጎ ይወጣል። ልጁ ነገ ቢመጣም ከሳምንት በኋላ ቢመጣም ሥራው እንደተወው ነው። ሰው ይህን ከንቱ ሥርዓት ሊለው ይችላል። ለዮሪንደ ግን በዓለም ላይ የእኔ ናት የምትላት ብቸኛ መሬት ያቺ ምንጣፍ ነበረች።

የክረምቱ ብርድ ሲያልፍ የአገራችንን ካርታ መሥራት ጀመረች። ሥራው ትዕግሥት ይጨርሳል። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በየቀለሙ ወረቀት ላይ ተስሏል። ልጁ ወረቀቱን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ላይ ያስቀምጥና፣ የእንጨት እጀታ ባላት ትንሽ ወስፌ መስመሩን ተከትሎ ጢቅ ጢቅ እያደረገ ይወጋዋል። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ቁራጩ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል፤ መቀስ የለም። ከዚያ ሰማያዊው ትልቅ ወረቀት ላይ በቦታው ይለጠፋል። ዜላንድ የምትባለው ክፍለ ሀገር ደሴት በደሴት ስለሆነች ሁለት ጊዜ ተቀዳዳባት። ዮሪንደ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አዲስ ወረቀት አወጣች። አስተማሪዋ ማርሊስ፣ ልጆቹ ዩፍ ማርሊስ የሚሏት፣ ከሩቅ ቆማ አየቻት እንጂ አልተጠጋችም። «ልጅ በራሱ ሊሠራ የሚችለውን ነገር ከሠራህለት ሰረቅከው ማለት ነው» ትላለች ማርሊስ። ይህን ለወላጆች ስትናገር ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ከካርታው አንዲት ቁራጭ ብቻ ስትቀር ዮሪንደ አቆመች። የቀረችው ኦፈራይሰል ናት፣ የራሳችን ክፍለ ሀገር። ብርቱካናማውን ወረቀት ሱፉ ላይ አድርጋ፣ ወስፌዋን ላዩ ላይ አጋድማ፣ የስም ካርዷን አስቀምጣበት ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። ለቀናት እንደዚያው ቆየ። ለምን እንደማትጨርሰው ጠየቅኳት፣ ቸኮሌት የተነሰነሰበት ዳቦዋን እየገመጠች ሳለ።

«አክስቴ ዲኒ፣ የአባባ ቤትም የማማ ቤትም እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለችኝ።

«ወንዙስ? ወንዙ በመሃላቸው አይደል?»

«ቢሆንም ቁራጯ አንድ ናት» አለች፣ ሰው እንዴት ይህ አይገባውም በሚል ፊት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ ባለ አንድ ምሽት ወላጆች ወደ ክፍሉ ይመጣሉ። እናትና አባት በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ ይቀመጣሉ፣ ልጁ ከፊታቸው አንድ ሥራ ይሠራል፣ እነሱ ዝም ብለው ያያሉ። ዮሪንደ ኦፈራይሰልን ያስቀረችው ለዚያ ማታ ነው። ለሁለቱም በየቤታቸው ነግራቸዋለች፤ ማማም አባባም አብራችሁ ካልተቀመጣችሁ አልጨርሰውም ብላለች።

ሩርድ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ራሱን እያከከ አጫወተኝ። ከተለያዩ ወዲህ ከያኮሚን ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ሲነጋገሩም በስልክ ጽሑፍ ነው፣ እሱም ስለ ካልሲና ስለ ጥርስ ሐኪም። «ግን ምን ላድርግ ዲኒ፣ ልጅቷ እኮ ጉሮሮዬን ይዛኛለች» አለኝ። ያኮሚንም እሺ ብላለች። ልጅቷ ያቺን ቁራጭ ወግታ እስክታወጣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሩርድ ይህን ሲነግረኝ አዲስ ሸሚዝ መግዛት አለብኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሞኝ ሰው፣ አሳዘነኝም አሳቀኝም።

ቀኑ ደረሰ፤ ሐሙስ ነበር። ለማታው እንግዳ መቀበያ ቅመም ያለበትን የከተማችንን ኬክ ቆራርጬ ላዘጋጅ በማለዳ ስለገባሁ የዮሪንደን ውሎ ከመጀመሪያው አየሁት።

ማርሊስ እንደ ልማዷ በር ላይ ዝቅ ብላ እያንዳንዱን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየች እጁን ትጨብጣለች። ዮሪንደ ተራዋ ሲደርስ የጨበጠችውን እጅ አልለቀቀችም።

«ዩፍ፣ ዛሬ ማታ ነው የምጨርሰው። ካርዴ ላዩ ላይ ነው። ማንም አይነካውም አይደል?»

«ስምሽ ያለበትን ማን ይነካል?» አለቻት ማርሊስ። «ቃሌ ነው።» እጇንም እንደገና ጥብቅ አድርጋ ጨበጠቻት።

ዮሪንደ መጀመሪያ ወደ ምንጣፏ ሄዳ ሁሉም በቦታው መኖሩን አየች። ከዚያ ሽርጧን ለበሰች፣ ፖም በክብ ጣውላ ላይ ከትፋ በሳህን ለሁሉ አደለች፣ ጠረጴዛ በሳሙና አጠበች፣ የነሐሱን ደወል ፊቷ እስኪታይበት ወለወለች። ማታ ለወላጆቿ የምትናገረውንም ለብቻዋ ስታጉተመትም ሰማኋት። ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ቲርዛ የምትባል አዲስ ልጅ አለች፣ ለዮሪንደ የተሰጠች፤ በዚያ ክፍል ትልቁ ትንሹን ይዞ ነው ሥርዓት የሚያስተምረው። ቲርዛ እንደ ጥላ ትከተላታለች። አንድ ጊዜ ካርታው ጋ ቁጢጥ አለችና ጣቷን ወደ ብርቱካናማው ወረቀት ዘረጋች።

ዮሪንደ እጇን በቀስታ ያዘቻት። «እዪ፣ ይሄ ስሜ ነው። ስም ያለበት አይነካም።»

ቲርዛ አሰበችበት። «ዩፍም?»

«ዩፍም» አለች ዮሪንደ።

ከቀትር በፊት የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ መጣ። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሲራመድ የልጆቹን ምንጣፍ የሚረግጥ ሰው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የተማሪው ቁጥር ስላነሰ ጭንቀት ይዞታል፤ ለከተማው ጋዜጣ ደውሎ ፎቶ አንሺ አስጠርቷል፣ ከምሳ በኋላ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል ማርሊስን ጠየቃት። ወለሉ ላይ ያለውን ካርታ አይቶም ይህ ለምን ጎዶሎ ሆነ አላት። ማታ ልጅቷ ወላጆቿ ፊት ትጨርሰዋለች ብላ አስረዳችው። እሱ ሰዓቱን አየና ጋዜጣው ማታ እንደማይመጣ ነገራት፤ ጎዶሎ ካርታ ሰቅሎ ልጆቻችሁን አምጡ ማለት እንደማይቻልም ጨመረላት። ማርሊስ ሳቅ ብላ ነገሩን ልታልፈው ሞከረች፣ ግን አንገቷ ሲቀላ አይቻለሁ። ዮሪንደ ከአጠገባቸው የፖም ሳህኑን ይዛ ቆማ ነበር። ሰብሳቢው አንድ ቁራጭ ወስዶ አመሰገናት።

ምሳ ተበላ፣ ልጆቹን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ቲርዛ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፣ ፕላስተር ልፈልግ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ማርሊስ በትንሹ ጠረጴዛ ላይ ጎብጣለች። እጇ ላይ ወስፌዋ አለች። ብርቱካናማው ወረቀት ተወግቶ አልቆ፣ ኦፈራይሰል ወጥታ፣ ከሰማያዊው ወረቀት ላይ በሙጫ ተጣብቃለች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«ትንሽ ነበር የቀረው።»

«ያቺ ልጅ ሆን ብላ ነው ያስቀረችው። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ ዲኒ።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ፎቶ አንሺው መኪና እያቆመ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ጎዶሎውን ያንሳ። ምን ይሆናል?»

«አምስት ዓመቷ እኮ ነው። ተሰቅሎ ስታየው ደስ ይላታል እንጂ ምንም አትልም» አለችና ካርታውን አንስታ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ማርሊስ ውሸታም ሰው ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። ውሸታም አይደለችም። ለቢራቢሮ እንኳ መስኮት የምትከፍት ሴት ናት። በዚያ ቀን ግን ከልጅና ከትልቅ ሰው አንዱን ማስቀየም ነበረባት፣ የመረጠችው ልጅቷን ነው፤ ልጅ ጋዜጣ ላይ አይጽፍም፣ ቦርድ አይሰበስብም። ሰቅላ ስትጨርስ ከምንጣፉ ላይ የስም ካርዱን አነሳችና ከካርታው ሥር ለጠፈችው። ያንኑ ካርድ። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሩርድና ለያኮሚን ላከችላቸው፤ የዮሪንደ ካርታ ተጠናቀቀ፣ ማታ መጥታችሁ እዩት ብላ። በዚያች ሰዓት ይህን በጎ ሥራ ብላ እንደሠራችው አልጠራጠርም። እኔ ፕላስተሩን ይዤ ወደ ቲርዛ ወጣሁ።

ልጆቹ ገቡ። ዮሪንደ ቀጥ ብላ ወደ ምንጣፏ ሄደች፣ ባዶ ነው። ክው ብላ ቆመች። ከዚያ ቀና ስትል ካርታውን ግድግዳው ላይ አየችው። ፎቶ አንሺው ያኔውኑ ከፊቱ ቆሞ ያነሳዋል፣ ሰብሳቢው ይስቃል።

«ማን ጨረሰው?» አለች።

ማርሊስ ቁጢጥ ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አንቺ ነሻ። እኔ ትንሽዬ ብቻ ነው ያገዝኩሽ። አያምርም?»

ዮሪንደ ወደ ግድግዳው ተጠግታ በጣቷ የኦፈራይሰልን ጠርዝ ዳሰሰችው። የሌሎቹ ጠርዝ ሁሉ ጎርበጥባጣ ነው፣ የልጅ እጅ የወጋው ያስታውቃል። የዚያች ቁራጭ ግን ልስልስ ያለ ነበር። እጇን መለሰች። ፎቶ አንሺው ከካርታሽ አጠገብ ቁሚና ሳቅ በይ ቢላት ከቲርዛ ኋላ ገብታ ቆመች። ከዚያ ባዶውን ምንጣፍ ጠቅልላ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው። አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻል ነበር።

ተስፋ ግን አልቆረጠችም ነበር፤ ይህን እስካሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። ከትምህርት በኋላ እዚያው ከእኔ ጋር ቀርታ፣ ማታ ገና ማንም ሳይመጣ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አጠጋግታ አስቀመጠች፣ ከፊታቸው ምንጣፏን ዘረጋች፣ ወስፌና ሱፍ አመጣች። የጎደላት ወረቀት ብቻ ነው። አዲስ ብርቱካናማ ወረቀት ካገኘች ኦፈራይሰልን እንደገና ትሠራታለች፣ ሁለቱም ተቀምጠው ያያሉ፣ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል። ያ ወረቀት ያለው ማርሊስ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

በዚያ ክፍል ልጅ አስተማሪዋ ከሰው ጋር ስታወራ አያቋርጣትም። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ እሷ እጇን በእጁ ላይ ታደርጋለች፣ አውቄያለሁ፣ እመጣለሁ ማለት ነው። ዮሪንደ እንዲሁ አደረገች። ማርሊስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ስለ ነፃነት፣ ልጅ በራሱ ስለመሥራቱ ታወራለች። የዮሪንደን እጅ መታ መታ አደረገችው። ወሬዋን ቀጠለች። ልጅቷ ቆመች። ባልና ሚስቱ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ። የልጅቷ እጅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ማርሊስ ረሳችው። እኔ ከቴርሞስ ቡና እየቀዳሁ ከወዲያ ማዶ አየኋት፤ ሕዝቡን ገፍቼ እስክደርስ ድረስ ሩርድ በበሩ ገባ።

ብቻውን ነው። ሸሚዙ አዲስ ነበር፣ ከኮሌታው ላይ የዋጋው ወረቀት የታሰረበት ክር አልተበጠሰም።

ዮሪንደ ሮጣ እጁን ያዘች። «ማማስ?»

«ማማ ቆየት ብላ ትመጣለች፣ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ። ካርታው አልቋል ብላ ዩፍ ፎቶውን ልካልን የለ። በየተራ እንየው ተባባልን፣ ይሻላል።» ሩርድ ፊቱ ላይ ዕረፍት ይነበባል፤ ልዋሽ አልችልም፣ ከጉሮሮው የተለቀቀ ሰው ይመስል ነበር። ካርታው ፊት ወስዷት ቆመና አመሰገናት፤ ጎበዝ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ኦፈራይሰልን ደግሞ እንዴት አድርገሽ ነው ያሳመርሻት አላት።

«እኔ አይደለሁም የጨረስኩት» አለች ዮሪንደ።

«እንዴት አንቺ አይደለሽም? ስምሽ ተጽፎበት የለም እንዴ?» አለ አባቷ፣ እየሳቀ፣ ጣቱን ካርዱ ላይ አድርጎ።

ልጅቷ ካርዱን አየችው። ከዚያ በኋላ ለማንም ያን ነገር አልተናገረችም።

ሁለቱ ወንበሮች ላይ ስለ ምዝገባ የመጡት ባልና ሚስት የእኔን ኬክ ይዘው ተቀምጠዋል። አሁን ከዚያ ተነሱ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ? ሩርድ ጥቂት ቆይቶ ልጁን ስሞ ወጣ፣ ያኮሚን ስትገባ በሩ ላይ ተላለፉ። ሰላም ተባባሉ። ያኮሚን በወንዙ ጀልባ ስለመጣች ፀጉሯን ነፋስ በትኖታል፤ እሷም ካርታውን አደነቀች፣ የትኛው ነው የከበደሽ ብላ ጠየቀቻት። ዮሪንደ በጣቷ ዜላንድን አሳየቻት። ይቺን ሁለት ጊዜ ቀደድኳት አለች። ስለ ኦፈራይሰል ምንም አላለችም። ስትሄድ ወስፌዋንና ሱፉን መደርደሪያው ላይ በየቦታቸው መለሰች፣ ምንጣፉን ጠቀለለች።

ከዚያ ማታ በኋላ ሌላ ልጅ ሆነች ብል ማጋነን ነው። ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ትወጣለች። ጠዋት በር ላይም እጇን ትሰጣለች። ግን ማርሊስ ዓይኗን ስትፈልግ ዓይኗ ከማርሊስ ኋላ ኮት መስቀያው ላይ ነው። ሥራም ከዚያ ወዲህ አላሳደረችም። አጭር አጭሩን ትመርጣለች፣ የምሳ ደወል ከመደወሉ በፊት የምታልቀውን፤ ያላለቀች እንደሆነ አፍርሳ ወደ መደርደሪያው ትመልሳታለች። የስም ካርዷ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ፣ አዲስ አልጠየቀችም።

በሰኔ ማርሊስ ወላጆችን በየተራ ስትጠራ ሩርድን ደስ አሰኝታ ሸኘችው። ዮሪንደ በፊት ሥራዋን የምታንዛዛ ልጅ ነበረች፣ አሁን የጀመረችውን በዕለቱ ትጨርሳለች፣ ትልቅ ዕድገት ነው ብላዋለች። ደረጃ ላይ ይህን ሲነግረኝ እውነቱን ከነምኑ ነገርኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ነግራኝ ነበር እኮ» አለ። «እኔ አይደለሁም ብላኝ ነበር።» በማግስቱ ማርሊስን ሄዶ አናገራት። እሷም አለቀሰች፣ ልጅቷን ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ዮሪንደ እሺ አለች። ልጅ እሺ ይላል፤ ምን ሌላ ሊል ይችላል?

እኔም ይቅርታው ሠርቷል ብዬ ነበር። የትምህርት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ገባሁ። ቲርዛ ወለሉ ላይ ሮዝ ቀለም ያላቸውን ኪዩቦች ከትልቅ ወደ ትንሽ እየደራረበች ግንብ ትሠራለች፤ ከግማሽ በላይ ደርሳለች፣ ምላሷ ወጥቷል። ድንገት ሽንቷ መጣባት። የስም ካርዷን ግንቡ ሥር አስቀምጣ እየሮጠች ወጣች። ዮሪንደ ጠረጴዛ ታጥብ ነበር። ስፖንጁን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ አደረቀች፣ መጥታ ከቲርዛ ምንጣፍ ዳር እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ምንም አልነካችም።

ማርሊስ ደወሏን አቃጨለች፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው ሊቀመጡ ተሰበሰቡ። ዮሪንደ አልተነሳችም። ማርሊስ መጥታ ከአጠገቧ ተንበረከከች።

«ነይ እንጂ ዮሪንደ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው።»

«ቲርዛ እስክትመጣ እየጠበቅኩላት ነው።»

«ማንም እኮ አይነካባትም» አለች ማርሊስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስሟ አለበት።»

ዮሪንደ ከዚያ ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«አውቃለሁ» አለች። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።